ጣጣሽን ጨርሰሽ ነይ

ጋጋሪው ባሏ ከዳቦ ቤት የሚመለሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ወደ ፋብሪካ የምትወጣው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ። የሰባት ዓመት ልጃቸው በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት። ባልና ሚስቱ ዓይን ለዓይን የሚተያዩት በነዚህ አምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያችም ላይ እሱ አራቱን ሰዓት ይተኛባታል። እናም ሌላው ሰው መብራት አጥፍቶ የሚያደርገውን እነሱ የሚያደርጉት በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቷ ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር እየተሰማ።

ፋብሪካው ጀሪካን ያመርታል። የእሷ ሥራ ማፍሰስ አለማፍሰሱን መፈተሽ ነው። ከማሽኑ ሙቀቱ ሳይወጣለት የሚመጣውን ጀሪካን አፉን በአየር ቱቦ ትወትፍና የውሃ ገንዳ ውስጥ ትደፍቀዋለች፤ አስር ትቆጥራለች። አንዲት አረፋ ብልጭ ካለች ጀሪካኑ ወደ ግራ ይወረወራል፣ ይፈጫል። ካላለች ወደ ቀኝ ይደረደራል፤ ከሥሩም የእሷ ምልክት፣ ሁለት አጫጭር መስመር፣ ይጻፍበታል። ሌሎቹ ፈታሾች አምስት ከቆጠሩ በቂያቸው ነው። እሷ አስር ሳይሞላ እጇን ከውሃው አታወጣም። ለዚህም ነው ስሟ ቀርቶ «አጉሊ» የሚሏት፤ አጉሊ መነጽር ማለታቸው ነው።

«አንቺ እኮ» ትላታለች ከጎኗ የምትሠራው፣ አፏ የማያርፈው ጓደኛዋ፣ እነሱ «ራዲዮ» የሚሏት፣ «ባልሽንም ገንዳ ውስጥ ደፍቀሽ አስር ሳትቆጥሪ አላገባሽውም!»

ገንዳው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ይስቃሉ። አጉሊም ትስቃለች። ከዚያ በሆዷ፣ አልደፈቅኩትም፣ ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የጋጋሪው ጎን ላይ፣ ከጀርባው ተነስቶ እስከ እምብርቱ የሚደርስ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። «ምድጃው ለብልቦኝ ነው» ብሎ ሦስት ቀን ሠራበት። በአራተኛው ቀን ሸሚዝ መልበስ ሲያቅተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ምድጃ አልነበረም፤ አልማዝ ባለጭራ ነው አሏቸው። ሁለቱንም ደማቸውን መረመሯቸው። በእሱ ደም ቫይረሱ ተገኘ። በእሷ አልተገኘም።

የክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር፣ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። «መድኃኒቱን ዛሬ ጀምር» አለችው። «ሳታቋርጥ ከወሰድክ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይዳከማል። ያኔ ለእሷም አታስተላልፍባትም። አርጅተህ የልጅ ልጅ ታያለህ፣ ወንድሜ።» እሱ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነ፣ የቀጠሮ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከግቢው በር እንደወጡ አራት ቦታ ቀደደው።

«ማሽን ነው» አለ። «ማሽን ደግሞ ይሳሳታል። የኛ ሊጥ መቁረጫ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሳሳተው?»

«እሺ ሌላ ቦታ እንመርመር።»

«ሁለተኛ ይሄ ነገር እቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ!»

አልተነሳም። ስለ ኮንዶም አንድ ጊዜ ብቻ አነሳችበት። «ከገዛ ሚስቴ ጋር ላስቲክ ለብሼ? ምን አደረግሽኝ አንቺ?» አለና ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ በኋላ እሷ ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድም ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም። ጠዋት ሲመጣ ለልጁ በወፍ ቅርጽ የተጋገረች ትንሽ ዳቦ በኪሱ ይዞ ይመጣል፣ የወፏን ዓይን በዘቢብ ያደርግላታል። ግን ሁለት ወር ሲሞላ «ሌላ አለሽ ማለት ነው» ማለት ጀመረ፤ አንድ ጠዋት ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ሳይመጣ ቀረ። የት እንደዋለ አልጠየቀችውም። በማግስቱ ብቻዋን ወደ ሲስተር ሄደች።

«እሱ አልለብስም ካለ» አለች ሲስተር መሳቢያዋን እየከፈተች፣ «አንቺ ልበሺዋ።»

የሴት ኮንዶም የሚባለውን አጉሊ ያን ቀን ነው ያየችው። ረዘም ያለች፣ ልስልስ ያለች፣ ብርሃን የምታሳልፍ ከረጢት ናት። ሁለት ቀለበት አላት፤ አንዱ በተዘጋው ጫፏ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለተኛው በተከፈተው አፏ ዙሪያ ተያይዟል። ሲስተር የውስጡን ቀለበት በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ጨምቃ አጠበበችው።

«እንዲህ ይዘሽ እስከሚሄድልሽ ወደ ውስጥ ትገፊያታለሽ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ቀደም ብለሽ ማድረግ ትችያለሽ። የውጪው ቀለበት ግን ውጭ ይቀራል። ዘበኛ በዪው። ዘበኛው ገባ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ሲጀመር ደግሞ በጎን እንዳያልፍ በእጅሽ ምሪው።»

«በእጄ?»

«በማን እጅ ታዲያ፣ በኔ?» ሲስተር ሳቅ አለች፣ አጉሊም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እንግዲህ አንድ ነገር አትርሺ። አንዷ ለአንድ ጊዜ ናት። ከተጠቀምሽባት በኋላ ታጥባ አትደገምም።»

አጉሊ የተነገራትን ነገር ቃል በቃል የምትይዝ ሰው ናት። ከተጠቀምሽባት በኋላ ታጥባ አትደገምም። ያዘችው።

እቤት፣ መጀመሪያ ቀን፣ ባሏ አየ። ላለማየት የሚመች ነገር አይደለም፣ ቀኑም ብርሃን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። ለማህፀኔ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት።

«እኔን ይነካኛል?»

«አንተን ምንም አይነካህም።»

«እንግዲያው ጣጣሽን ጨርሰሽ ነይ» አለና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከረጢቷ ስም ጣጣ ሆነ። እሱ እግሩን ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «ጣጣሽን ጨርሰሻል?» ይላል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ እግሯን ባልዲው ላይ አስደግፋ፣ «ጨርሻለሁ» ትላለች። አንዳንዴ ቀልድ ሁሉ ይሞክራል። «ይንኮሻኮሻል እኮ! ፌስታል ይዘሽ ገበያ ልትሄጂ ነው እንዴ?» እሷም «ምን ልግዛልህ?» ትለዋለች። በዚያች ቃል ተሸፍነው፣ የሚፈሩትን ነገር በስሙ ሳይጠሩ ወራት አለፉ። በየሦስት ወሩ ደሟን ትሰጣለች፤ በየሦስት ወሩ ሲስተር «ነጻ ነሽ» ትላታለች።

ከዚያ ጤና ጣቢያው ያለውን ጣጣ ሁሉ አድሎ ጨረሰ። ለሦስት ሳምንት አልነበረም። ሲመጣ ሲስተር ስድስት ብቻ ሰጠቻት፤ ካርቶኑ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ጥጉ ተቦጭቋል። «እሽጉ አልተከፈተም፣ ጊዜውም አላለፈም፣ ደህና ናቸው» አለች ሲስተር።

በዚያው ሳምንት ፎርማኑ አጉሊን ቢሮው ጠራት። ከደንበኛ የተመለሱ አርባ ጀሪካኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ያፈሳሉ። ሁሉም ከሥራቸው ሁለት አጫጭር መስመር አለባቸው።

«አጉሊ፣ ካንቺ አልጠብቅም ነበር።»

ጎንበስ ብላ አንዱን አገላበጠችው። ጭነት ላይ ተሰንጥቆ ይሁን በፍተሻ ጊዜ አምልጧት ለመለየት አልቻለችም። ከፎርማኑ ቢሮ የወጣችው ጆሮዋ እየጋለ ነው። አስር ቆጥራ ያሳለፈችው ነገር ሲያፈስ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ባሏ ከመምጣቱ በፊት፣ ስድስቱን እሽግ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ደረደረቻቸው። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። እያንዳንዷን ከቧንቧ ውሃ ሞላቻት፣ አፏን ጨብጣ ወደ ብርሃኑ አንጠለጠለቻት፣ አስር ቆጠረች። ከሥሯ ደረቅ ጨርቅ አንጥፋለች፤ ጨርቁ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ወደ ግራ። አላረፈችም። ስድስቱም ወደ ቀኝ። እጇ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ቀርቶባት ስለነበር እጇንም እነሱንም በሳሙና ለቅለቅ አደረገች፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀች፣ እያንዳንዷን አጥፋ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለች። ልቧ ከትናንት ወዲህ የተረጋጋው ያኔ ነው። ይሄን የሚያህል ጥንቃቄ ማን አድርጎ ያውቃል?

መጀመሪያዋን ስታደርግ አልሄድ ብላ አስቸገረቻት። ሁለተኛዋ አሳመመቻት። ባሏ «ዛሬስ ገበያውን ሁሉ ነው ያመጣሽው፣ ጎረቤት ይሰማል» አለ። እሷ ግን ለውጡን አዲሱ ካርቶን ላይ አላከከችው፤ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ይሆናል አለች። በሦስተኛዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው።

አራተኛዋ ማክሰኞ ነበረች፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ጎረቤቷ ከግድግዳው ማዶ ልብስ እየጨመቀች ነው። አጉሊ እንደወትሮዋ እጇን ዝቅ አድርጋ የውጪውን ቀለበት ፈለገችው። ቦታው ላይ የለም።

«ቆይ» አለች።

አልቆመም።

«ቆይ አልኩህ! አንተ!»

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?» አለ። ግን አልቆ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ሄዳ አየች። ከረጢቷ ከነዘበኛዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብታለች፤ በጣቷ ጎትታ ነው ያወጣቻት። ከዚያ ምን አደረገች? የለመደችውን። ውሃ ሞላቻት፣ አንጠለጠለቻት፣ አስር ቆጠረች፣ ደግማ አስር ቆጠረች። ጨርቁ ደረቅ ነው። አላፈሰሰችም። «አላፈሰሰችም» አለች ለራሷ፣ ድምፅ አውጥታ። ወደ ቀኝ።

«ምን አልሽ?» አለ ባሏ ከአልጋው።

«ምንም። ተኛ።»

ያን ቀን ሠርታ ዋለች። ረቡዕም ሠራች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ እጇ ገንዳው ውስጥ እንዳለ፣ ሳታስበው፣ ጓደኛዋን ጠየቀቻት።

«አንቺ ራዲዮ፣ ጀሪካኑ ራሱ ሳያፈስ፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ ቢገባበትስ?»

«ወደ ውስጥ?»

«አዎ። ወደ ሆዱ።»

«ክዳኑ ከገባማ ምኑን ጀሪካን ሆነ? ባልዲ ነው እንጂ!» አለችና ራዲዮ ከት ብላ ሳቀች። «ፎርማኑ አዞረሽ መሰለኝ። አጉሊ? ምነው፣ ምን ሆንሽ? ውሃው ደፈቀሽ እንዴ?»

የያዘችው ጀሪካን ከእጇ አምልጦ ተንሳፍፎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገረች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካርቶኑን ሁኔታ፣ የውሃውን ፍተሻ። ሲስተር እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ የኔ እናት። ከመጠቀምሽ በፊት ነው ያጠብሻቸው?»

«ከመጠቀሜ በፊት። ከተጠቀምኩ በኋላማ አጥቤ ደግሜ አላውቅም፣ አንቺ እንዳልሽኝ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና። የሚያዳልጥ ነገር ነበረባቸው።»

ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። «እሱ የሚያዳልጠው ነገር እኮ ማለስለሻው ነው። ሆን ተብሎ የተቀባ ነው። እሱ ከሌለ ትደርቅና ከሰውየው ጋር ተጣብቃ ትሄዳለች፤ ዘበኛውንም ይዛው ትገባለች።»

«ግን አላፈሰሰችም» አለች አጉሊ። «ሁለቴ ፈተሽኳት።»

«አላፈሰሰችም። ባትታጠብ ኖሮም አታፈስም ነበር። ፋብሪካው አንድ በአንድ ፈትሾ ነው የሚልካቸው።»

አጉሊ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸው ጀመር። እንደሷ ያለች ሴት፣ የሆነ ቦታ፣ ገንዳ አጠገብ ቆማ ፈትሻቸዋለች። ያቺኛዋ ሥራዋን በትክክል ሠርታ ነበር።

«የመጀመሪያዎቹ ሦስቱስ?» አለች።

«ቀለበቱ ቦታው ላይ ነበር?»

«ነበር። አይቻለሁ።»

«እንግዲያው የማክሰኞዋን እንያዝ። መከላከያ ክኒኑ በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀመረው፤ አላለፈም። ጎበዝ፣ መጥተሻል።» ሲስተር ጣቷን ወግታ ደም ወሰደች፤ ለዛሬው ነጻ ናት፤ የዛሬው ምርመራ ግን የማክሰኞውን አይናገርም። ክኒን ሰጠቻት፣ ሃያ ስምንት ቀን፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። የመጀመሪያውን እዚያው አስዋጠቻት። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ትመጫለሽ፣ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ። ይከላከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይከላከላል። መቶ በመቶ ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

«የእሱም መድኃኒት እዚህ ነው ያለው። ከዓመት በላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው። የሚቀረው የእሱ እግር ብቻ ነው፣ እህቴ። አንቺ ስንቱን ብቻሽን ትችያለሽ?»

ዓርብ ጠዋት ጋጋሪው ሲገባ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ነበረች። የዳቦ ወፏን ተቀበለችው፣ የወፏን ራስ ገምጣ ሮጠች። አጉሊ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃና የክኒኑን ጠርሙስ አስቀምጣለች። ልትደብቀው አስባ፣ ማታውን ሙሉ መደበቂያ ስትመርጥ አምሽታ፣ ጠዋት ተወችው። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዱን አውጥታ ዋጠች።

«ምንድን ነው?» አለ፣ ሸሚዙን እያወለቀ።

«መድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

«ያንተ» አለችው። «አንተ አልውጥም ያልከውን እኔ እየዋጥኩልህ ነው።»

እጁ የሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ዛሬ ድምፅ የለም።

«ያ ጣጣሽ… አድርገሽው አልነበረም?»

«አድርጌው ነበር። ተበላሸ።»

«መቼ?»

አጉሊ ቀና ብላ አየችው። ማሽኑ ተሳስቷል ብሎ የሚያምን ሰው መቼ ብሎ አይጠይቅም። ዓመት ሙሉ ያልፈተሸችው ነገር ይሄ ነበር። አያምንም፣ ፈርቷል፣ ቀን ሲሞላለት ይገባዋል ትል ነበር። እሱ ግን ካርዱን ከቀደደበት ሰዓት ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣጣሽን ጨርሰሻል የሚላት።

«ማክሰኞ» አለችው። «ቆይ ስልህ ያልቆምክ ቀን።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለ። በጣቱ አንድ ነገር ቆጠረ፤ ቀኖቹን ይሆናል። «ይይዝሻል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑ? ማሽኑ ተሳስቷል ትል አልነበረም እንዴ?»

«አንቺ… አታድርጊኝ እንዲህ።»

«ታውቅ ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ? እኔ አልፈራም? እኔ ከድንጋይ ነው የተሠራሁት?» ድምጿ ከፍ ሲል ራሷን ደነገጠች። ዝቅ አደረገችው። «ሁለታችንም ስንፈራ አንዳችን ብቻ ስንጠነቀቅ ነው የኖርነው። እኔ ደግሞ ጥንቃቄውን አበላሸሁት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አንተን አላልኩም። ግን ሁለት ሆነን ብንጠብቀው ኖሮ የኔ ስህተት ብቻውን እዚህ አያደርሰንም ነበር።»

በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «እሑድ እሄዳለሁ» አለ።

«እሑድ ዝግ ነው።»

«ሰኞ እንግዲያው…»

«ዛሬ ክፍት ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሠራሉ። ሲስተር አለች።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት እኮ፣ አንቺ።»

«አውቃለሁ። እስክትሄድ ድረስ ግን እኔ የምተኛው ከልጄ ጋር ነው። ጣጣም የለም፣ ምንም የለም።» ብርድ ልብሷንና ትራሷን ከአልጋው አንስታ ወደ ልጅቷ ፍራሽ ወሰደችው። እሱ አልከለከላትም። ሸሚዙን መልሶ ለበሰና ከነጫማው አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ።

ቤቱን ጠረገች። ምሳ ሠራች። ለልጇ ከፍላ ከደነች። አልፋ አልፋ ታየዋለች፤ አልተኛም፣ ጫማውንም አላወለቀም። አምስት ሰዓት ሆነ። አንድ ጊዜ እግሩን ወደ መሬት አወረደና አጉሊ እጇ ላይ ያለውን ሳህን ይዛ ቀጥ አለች። ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጤና ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ስድስት ከሩብ ላይ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርሃኑ እስከ አልጋው ድረስ ገባ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባሏ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ አንዱን አወለቀ፣ ሁለተኛውንም አወለቀ፣ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አጉሊ የሥራ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች።